የራሴ በር እስኪኖረኝ

ይህ ታሪክ መጻፍ የሚገባው መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። ነገሩ ቤት ፍለጋ ነው። በየዓመቱ ስንትና ስንት ተማሪ ከጋይንት፣ ከስማዳ፣ ከእስቴ ተነስቶ ትልቅ ከተማ ይገባል፣ አንዲት ክፍል ይከራያል፣ ማንም ይህን ጉዞ ብሎ አልጻፈውም። እኔ የሄድኩበት ባሕር ዳርም ሩቅ አገር አይደለም፤ መንገድ ሰላም ሲሆን ከንፋስ መውጫ ጠዋት የተነሳ ሰው ምሳውን እዚያ ይበላል። ሐይቁን እንኳ በወጉ አላየሁትም። ነገር ግን በመንደራችን ከእኔ በኋላ የሚሄዱ ልጆች አሉ፤ ልጆቻቸውን ልከው ራሳቸው ፈጽሞ የማይሄዱ እናቶችም አሉ። እነሱ «እንዴት ሆንሽ?» እያሉ ሲጠይቁኝ በአፌ መናገር ስላቃተኝ፣ እንደሆነው በየቀኑ ልጻፈው ብዬ ነው። የበዛ ነገር ካለበት ይቅርታ።

ሰኞ

የጤና ኮሌጁ ለአዲስ ተማሪዎች የሰጠው የምዝገባ ጊዜ ዓርብ ያበቃ ነበር። ኮሌጁ ማደሪያ የለውም፤ ተማሪው ቤት ተከራይቶ ነው የሚማረው። አባቴ ደግሞ ቤት ሳላገኝ እንዳልመዘገብ ቃል አስገብቶኛል። ስለዚህ ከሰኞ እስከ ዓርብ ውስጥ አቅማችን የሚችለው፣ ሴት ልጅ ብቻዋን የምታድርበት ክፍል ካላገኘሁ ትምህርቱ ቀረ ማለት ነው።

አብሮኝ ሊሄድ የነበረው እሱ ነበር። ከጳጉሜ ጀምሮ ደረቱን እያመመው፣ ንፋስ መውጫ ሆስፒታል ተኝቶ ከወጣ በኋላ «ሻል ብሎኛል» ይል ነበር፤ ግን ከደጃችን እስከ ጋጣው ለመሄድ ሁለት ጊዜ ያርፋል። ያን ጠዋት ጋቢውን ተከናንቦ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ሸኘኝ።

«ቤት ስትከራዪ የግድግዳውን ቀለም አትይ» አለኝ። «በሩ ከውስጥ ይቆለፋል ወይ ብለሽ ጠይቂ። ብትጣሪ የሚሰማሽ ጎረቤት አለ ወይ በይ።»

«እሺ አባዬ።»

«እሺ አትበይኝ ስመኝ። ትጠይቂያለሽ ወይ?»

«እጠይቃለሁ።»

«ይኸው እንግዲህ» አለና እጄን ለቀቀኝ።

በእኛ አገር ቤትና ቤት ይራራቃል፤ ግን ሰው ይሰማማል። ጥጃ ቢጠፋ ከዚህ ጉብታ ሆነን እንጣራለን፣ ከገደሉ ማዶ መልስ ይመጣል። ስለዚህ የአባቴ ጥያቄ ለእኔ እንግዳ አልነበረም።

ታላቅ ወንድሜ ደምሌ ዕቃዬን ተሸክሞ እስከ ንፋስ መውጫ አደረሰኝ። ገብሱ ወደ ቢጫ ሲዞር፣ ስንዴው ገና አረንጓዴ ሳለ ነበር። እናቴ በሶና የገብስ ቆሎ፣ አንድ ብርድ ልብስም አስይዛኛለች። በሶው ግን ሩቅ አልሄደም። የሚኒባሱ ረዳት ከረጢቱን ከላይ ሲወረውረው ተቀደደና አጠገቤ የቆሙ፣ ጥቁር ኮት የለበሱ ሰውዬ ላይ ተደፋ። እኔ በድንጋጤ በነጠላዬ ላራግፍ ብል ይበልጥ ቀባኋቸው።

«ተይው ልጄ፣ ተይው» አሉኝ ሰውዬው። «የሠርግ ጥሪ ላይ ነኝ። ውሃ ብቻ ጣል አድርጊብኝ፤ ጭብጦ ሆኜ ልግባላቸው።»

መኪናው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ስለመሳቄ እንጃ።

ጋሳይ ስንደርስ መንገድ ተዘግቷል ተባለና ቆምን። ለምን እንደተዘጋ የጠየቀ የለም፤ አሁን አሁን አይጠየቅም። ሰው ከመኪና ወርዶ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ፤ ቆሎዬን አዞርኩ፣ አንዲት ሴት የተቀቀለ ድንች አዞረች። መንገዱ ሲከፈት ቀኑ ሊመሽ ነበር፤ ደብረ ታቦር ላይ ሾፌሩ «ከዚህ አላልፍም» አለ። የት እንደማድር ሳላውቅ ዕቃዬ ላይ ቆሜ ሳለ፣ ድንቹን ያዞረችው ሴት ክንዴን ያዘች። እትዬ ሙላቷ ትባላለች፤ ድንች ነጋዴ ናት።

«ማን አለሽ እዚህ?»

«ማንም።»

«እንግዲያው እኔ አለሁሽ። ነይ፣ ዕቃሽን አንሺ፤ ቁመሽ ስታዪኝ ልቤን አታፍርሺው።»

አልጋዋን ለቀቀችልኝና እሷ ከልጆቿ ጋር መሬት ተኛች። እምቢ ብል «የእኔ ልጅ ነገ ጋይንት ቢመሽባት መሬት ላይ ልታስተኟት ነው?» አለችኝ። የደብረ ታቦር ብርድ የእኛን ብርድ ይመስላል። ውሃው ግን ከግቢ ውስጥ፣ ከቧንቧ ነው የሚቀዳው፤ እናቴ ይህን ብታይ ብዬ አሰብኩ።

ማክሰኞ

ጠዋት መኪና ተገኘ። ዓለም በርን አልፈን ወደ ፎገራ ሜዳ ስንወርድ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ፊት ተቀበለኝ፤ ሹራቤን አወለቅሁ። አገሩ ሜዳ ብቻ ነው፣ ዓይን የሚያርፍበት ጉብታ የለም። ሩዝ አየሁ፤ ውሃ የተኛበት ገብስ መስሎኝ ነበር። ወረታ ላይ ሽሮ በላሁ። የእኔ ስልክ ኔትወርክ ቢኖረውም የእናቴ አልጠራ አለኝ። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ በእኛ መንደር ኔትወርክ የሚገኘው ጉብታው ጫፍ ላይ ነው።

አባቴ ያረፈው በዚያ ማክሰኞ፣ ረፋድ ላይ ነው። እኔ ይህን ያወቅሁት ቅዳሜ ነው። አንባቢ ግን ከአሁኑ ይወቀው፤ አለበለዚያ የሰዎቹ ነገር እኔ ያኔ እንዳልገባኝ አይገባውም።

ባሕር ዳር መናኸሪያ የተቀበለኝ አያ ጌጡ ነው። የአባቴ የአጎት ልጅ ነው፤ አንድ መጋዘን በዘበኝነት ይጠብቃል። ደምሌ ጉብታው ላይ ወጥቶ ደውሎለት፣ እኔ ከመድረሴ በፊት ሰምቷል። ሲያቅፈኝ አልለቅ አለኝ። ጉንጩ እርጥብ ነበር፤ ላብ መሰለኝ።

«ደከመሽ ልጄ?»

«አልደከመኝም። አንተ ታመሃል እንዴ አያ ጌጡ?»

«ሙቀቱ ነው» አለ።

በእኛ ዘንድ መርዶ በመንገድ፣ በሰው ቤት እንግዳ ሆኖ ላለ ሰው አይነገርም። ማለዳ፣ የአገር ሰው ተሰብስቦ፣ ወደ ሐዘንተኛው ደጃፍ ተሄዶ ነው የሚረዳው። የተረዳው ሰውም በራሱ ቤት ይቀመጣል፣ ሰው እየመጣ ያስተዛዝነዋል። እኔ ደግሞ ቤት አልነበረኝም። አያ ጌጡ፣ ሚስቱ እትዬ ብርቱካንና ሦስት ልጆቻቸው በአንዲት ክፍል ነው የሚኖሩት። ደምሌም በስልክ «ሳትመዘገብ እንዳትነግሯት፤ ከሰማች ጥላው ትመጣለች» ብሏል። ባሕር ዳር ያሉት የጋይንት ልጆች በዚያው ምሽት አንድ ቤት ተገናኝተው መከሩ፤ ስመኝ ቤት ታግኝ፣ ትመዝገብ፣ ከዚያ በማግሥቱ ይነገራት ተባለ። ስለዚህ ቤት የምንፈልገው ለትምህርቴ ብቻ አልነበረም። ይህን ከእኔ በቀር ሁሉም ያውቅ ነበር።

እትዬ ብርቱካን በር ላይ ስታየኝ ነጠላዋን ፈጠን ብላ ገለበጠችው፤ ጥለቱ ወደ ላይ ዞሮ ነበር። አሁን ነው ትዝ የሚለኝ። ሲመሽ ስልኬን ብፈልግ፣ ልጆቹ ይዘውት ሲጫወቱ ወደቀ፣ ለጠጋኝ ሰጥተነዋል አለችኝ። «አይዞሽ፣ ምንም አይደል» ብዬ ያጽናናኋት እኔ ነኝ።

ረቡዕ

ደላላው ባዜ ይባላል፤ ጃንጥላውን በዝናብም በፀሐይም የማያጥፍ ጎልማሳ ሰው ነው።

«ከየት ነሽ?»

«ከላይ ጋይንት።»

«ታዲያ ብርዱን ትንሽ ይዘሽልን ብትመጪ ምናለበት! ባዶ እጅሽን ትመጪያለሽ?»

መጀመሪያ የወሰደን ከአንድ መሸታ ቤት ጓሮ ወደተደረደሩ ክፍሎች ነው። ኪራዩ ለእኛ የሚሆን ነበር። በሩ ግን የሚዘጋው በሽቦ ነው፤ ሽቦውን ከውጭም ከውስጥም መፍታት ይቻላል። ኮሪደሩ ላይ ሁለት ሰዎች ቁመው በዓይናቸው እየለኩኝ ነበር።

«ሽቦው ጠንካራ ነው» አለ ባዜ።

«ባዜ» አለው አያ ጌጡ፣ «እኔ ዶሮዬንም እዚህ አላሳድርም።»

ሁለተኛው ቤት ንጹሕ ግቢ ነበር። ጽድ ተተክሎበታል፤ ክፍሏ ጠባብ ብትሆንም የብረት በር አላት። ባለቤቷ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። ደስ ብሎኝ፣ ለአባቴ የገባሁትን ቃል አሰብኩና ቁልፉን ካየሁ በኋላ ጠየቅሁ።

«እማማ፣ ብጮህ ማን ይሰማኛል?»

ሴትዮዋ ወደ ኋላ አሉ። «ለምንድን ነው የምትጮሂው?»

«አይ… እንዲያው ብጮህ።»

«ጌታው፣ ይቺ ልጅ ደኅና ናት? ሌሊት ይነሣባታል እንዴ?» አሉት አያ ጌጡን።

«ኧረ እማማ፣ ጤነኛ ናት፣ አገራችን እንዲህ ነው…»

«አገራችሁ ጩኸት ከሆነ እዚያው ጩኹ» ብለው በሩን ዘጉት።

ባዜ ጃንጥላውን መሬት ተክሎ እስኪያስለው ሳቀ። «ስንቱን አከራይቻለሁ። ውሃ አለ ወይ፣ መብራት አለ ወይ ይላሉ። ብጮህ የምትል የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ!» እኔ በእፍረት አለቀስኩ። አያ ጌጡ ተጫዋች ሰው ነው፤ መንደር ሲመጣ ልጁም ሽማግሌውም እሱን ነው የሚከበው። እንዲህ ያለ ነገር አግኝቶ ዝም አይልም ነበር። ያን ቀን ግን ፊቱን ወደ ግንቡ አዞረ። በእኔ የተቀየመ መሰለኝና «ሁለተኛ አልጠይቅም» አልኩት። «ጠይቂ» አለኝ፣ ሳይዞር። «አባትሽ ያለሽን ጠይቂ።»

ሦስተኛውን ቤት ከበሩ ነው የተመለስነው፤ ኪራዩን ስንሰማ ባዜ ራሱ አፈረ።

በእኛ አገር ሰው ደጅ ስትቆም «የማን ልጅ ነሽ?» ነው የምትባለው። እዚህ «ስንት ሰው ናችሁ?» ነው። ብቻዬን ነኝ ስል ፊታቸው ይፈታል። ሰው ብቻውን መሆኑ የሚያስደስትበት አገር አይቼ አላውቅም ነበር።

ሐሙስ

ቁርስ ቀርቦ አያ ጌጡ አልበላም አለ። ረቡዕም አልበላም ነበር፤ ያንን ለጾም ሰጥቼው ነበር።

«አያ ጌጡ፣ ዛሬ ሐሙስ አይደል እንዴ?»

እትዬ ብርቱካን ድስቱን ይዛ ወጣች። «ስእለት አለብኝ» አለኝ እሱ።

ከሰዓት በኋላ ባዜ ወደ አባይ ማዶ ወሰደን። ድልድዩን ስንሻገር ወንዙን አየሁት፤ ሰፊና ዝም ያለ ነው። የእኛ ወንዞች በገደል ውስጥ እየጮሁ ነው የሚወርዱት። ግቢው ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ይላል። ባለቤቷ ወይዘሮ አስካለ ናቸው፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቀጭን፣ ንግግራቸው የተቆጠረ ሴት። በግቢው አራት ተከራይ አለ፤ ሁሉም ባለትዳር ወይም ሴት ነው። ክፍሏ ከኋላ ናት፤ የብረት በር አላት፣ ከውስጥ መቀርቀሪያ አላት፣ ቧንቧው ደጇ ላይ ነው። ኪራዩ ከአባቴ ጋር ከተነጋገርነው ትንሽ ብቻ ይበልጣል፤ ወይዘሮ አስካለም «ለተማሪ ነው» ብለው ያቺን ትንሽ ተዉልኝ።

ከዚያ ሕጋቸውን ነገሩኝ። «እኔ ጸጥታ እወዳለሁ። እንግዳ የሚበዛበት ተከራይ አልፈልግም። ያለፈው ዓመት የነበረችው አገሯን በሙሉ ጠርታ ግቢዬን መናኸሪያ አደረገችው። አንቺስ? ስንት ዘመድ ነው የሚመላለስብሽ?»

ቤቱን እንዳላጣው ፈራሁ። «ማንም የለኝም» አልኩ። «አያ ጌጡ ብቻ ነው። ማንም አይመጣብኝም፣ ቃሌ ነው።»

«ማንም?»

«ማንም እማማ። የሰው ድምፅ አይሰሙብኝም።»

አያ ጌጡ «መጣሁ» ብሎ ከግቢው ወጣ። ባዜ ሊጠራው ሄዶ ብቻውን ተመለሰ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደም። ቆይቼ እንደሰማሁት አያ ጌጡ ከአጥሩ ጀርባ ተቀምጦ ያለቅስ ነበር፤ ለባዜም የነገረው ያኔ ነው። ባዜ ጃንጥላውን አጥፎ የደላላነቱን ሳይቀበል ሄደ። እኔ ቁልፉን በእጄ ጨብጬ ነበር። ሌላ ነገር አላየሁም።

ዓርብ

ተመዘገብኩ። ወረፋው ረጅም ነበር። ከፊቴ የነበረች የእስቴ ልጅ፣ ከመካነ ኢየሱስ የመጣች፣ ገና ቤት አላገኘችም፤ ለእሷ አዘንኩላት፣ እኔ ያለፈልኝ መስሎኝ። አያ ጌጡ የስፖንጅ ፍራሽና ባልዲ ገዝቶ በባጃጅ አመጣልኝ። ግድግዳውን ጠረግሁ፣ ብርድ ልብሴን አነጠፍኩ፤ ከዚያ ወይዘሮ አስካለን ለማስደሰት ብዬ ግቢውን በሙሉ ጠረግሁት።

«ኧረ ልጄ ተቀመጪ» አሉኝ ከሰገነታቸው። «ዛሬ እንዲህ ከጠረግሽ ነገ ምን ልትሠሪ ነው?»

ለአባቴ ልደውልለት ብዬ የአያ ጌጡን ስልክ ጠየቅሁት። «ጋይንት ኔትወርክ የለም ዛሬ» አለኝ። አመንኩት። በሩ ከውስጥ እንደሚቆለፍ፣ አራት ቤት ጎረቤት እንዳለኝ የምነግረውን ቃል በልቤ አዘጋጅቼ፣ ቅዳሜ እደውላለሁ ብዬ መቀርቀሪያውን ጣልኩ። ከዚያ በፊት በሕይወቴ ብቻዬን አድሬ አላውቅም። እንቅልፍ ግን ወሰደኝ።

ቅዳሜ

ማለዳ፣ ገና ወፍ ሲንጫጫ፣ የግቢው በር ተንኳኳ። በሩን የከፈቱት ወይዘሮ አስካለ ናቸው፤ ይህን ጎረቤቶች ናቸው የነገሩኝ። አንደኛውን ክንፍ ብቻ ከፍተው፣ መንገዱን የሞላውን ሰው አይተው «ምንድን ነው? ማንን ነው?» አሉ። ነጠላው የተዘቀዘቀውን፣ ቄሱን፣ ከፊት የቆመውን አያ ጌጡን አዩ። ተመልሰው ገቡ። ሰዎቹ የተባረሩ መሰላቸው። ወዲያው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡና ሁለቱንም ክንፍ ከፈቱ።

እኔ የሰማሁት የብዙ እግር ኮቴ ነው። መቀርቀሪያውን ሳነሣ አያ ጌጡን አየሁ፣ እትዬ ብርቱካንን አየሁ፤ ከኋላቸው ከንፋስ መውጫ፣ ከጎብጎብ፣ ከአርብ ገበያ የመጡ፣ የማውቃቸውም የማላውቃቸውም ሰዎች። መጀመሪያ ያልኩት ነገር ያሳፍረኛል። «ኧረ ወይዘሮ አስካለ ይቆጡኛል» አልኩ።

«ስመኝ» አለኝ አያ ጌጡ። «አባትሽን አጣን።»

የዚያን ሰዓት የቀረውን አልጽፍም፤ ጮኼ ነበር። አራቱም ተከራይ ወጣ፣ ከአጥሩ ማዶም ሰው መጣ፣ የማላውቃቸው ሴቶች ወገቤን ያዙኝ። ቀኑን በሙሉ መላልሼ የማስበው አንድ ነገር ነበር። አባቴ ማክሰኞ ሞቶ እስከ ቅዳሜ ለእኔ ሕያው ነበር። በመንገድ ያየሁትን ሁሉ እሱ ይሰማዋል ብዬ እሰበስብ ነበር። ቤት ባላገኝ ኖሮ ጥቂት ቀን ይጨምርልኝ ነበር። እኔ ግን ተጣደፍኩ።

እሑድና ሰኞ

ሦስት ቀን በዚያች ክፍል ተቀመጥኩ። ለሰው ስለማትበቃ ወይዘሮ አስካለ አግዳሚ ወንበር ከዕድራቸው አስመጡ። እኔ የዕድሩ አባል አልነበርኩም፣ ሰፈሩን የማውቀው ከሐሙስ ወዲህ ነው። ሆኖም በየተራ እንጀራና ወጥ መጣ። በአገራችን ለቅሶ ቤት ንፍሮ ይዘው ነው የሚመጡት፤ እዚህ ንፍሮም ዳቦም አመጡ። ባዜም መጣ። ጥግ ተቀምጦ ቆየና ሄደ።

ሰኞ ከሰዓት ሰው ሲሳሳ፣ ወይዘሮ አስካለ አያ ጌጡን በእኔ ፊት ጠየቁት።

«እኔን ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ልጅቱ ማንም አይመጣብኝም ብላ ስትምልልኝ ቁመህ ትሰማለህ?»

«ብነግርዎ ያከራዩዋት ነበር?» አለ አያ ጌጡ።

«አላከራያትም ነበር» አሉ ወይዘሮ አስካለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «እንዲህ ነኝ ልጄ። አሁን ግን ለቅሶ የተቀመጥሽበት ቤት ነው። ማን ያስወጣሻል?» አሉኝ።

ትምህርት እስኪጀመር ሁለት ሳምንት ነበር። ኪራዩን ደምሌ ከገብሱ እየሸጠ እንደሚልክ አያ ጌጡ ነገረኝ። ቁልፉን ትቼላቸው ልሂድ ስል ወይዘሮ አስካለ አልተቀበሉኝም። «ያንቺ ነው። ይዘሽው ሂጂ» አሉ።

ማክሰኞና ረቡዕ

ስመለስ መንገዱ ክፍት ነበር፤ ደብረ ታቦር ግን አደርኩ፣ ልቤ ቶሎ መድረስ አልፈለገም። እትዬ ሙላቷ ጥቁር ለብሼ ስታየኝ እግሬን አጠበችኝና ያን አልጋ አነጠፈችልኝ።

ረቡዕ ንፋስ መውጫ ላይ ደምሌ ጠበቀኝ። መንደሩ የሚታይበት ጉብታ ላይ ስደርስ ጮኼ አለቀስኩ፤ እንደ ደንቡ ሰው ከየቤቱ፣ ከየማሳው እየሮጠ ወጣ። ገብሱ መታጨድ ጀምሯል፤ አንዳንዱ ማጭዱን እንደያዘ መጣ። እናቴ በሁለት ሰው ተደግፋ ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር።

ሐሙስ

በማግሥቱ የደብራችን የመድኃኔ ዓለም ንግሥ ነበር። ነጭ የለበሰ ሰው ዳገቱን ሞልቶታል። እኔና እናቴ ታቦት ከመውጣቱ በፊት ቀደም ብለን ወደ መቃብሩ ሄድን። አፈሩ ገና ጥሬ ነው፤ ዙሪያውን ድንጋይ ከበውታል። ለካ እናቴ ብቻችንን እስክንሆን ነው የጠበቀችው።

«ማክሰኞ ጠዋት ትንፋሹ ሲቆራረጥ ስለ አንቺ ጠየቀኝ» አለችኝ። «‹ልጅቱ ቤት አገኘች?› አለኝ።»

እኔ በዚያ ሰዓት ከደብረ ታቦር መውጣቴ ነበር።

«አገኘች አልኩት። ‹ከማን ዘንድ?› አለኝ። ከአንዲት ደግ ሴትዮ ግቢ ነው፣ ዛሬ ማለዳ ደውላ ነገረችኝ አልኩት። ‹እሰይ› አለ። ከዚያ ወዲያ አልተናገረም።»

አፈሩን በእጇ ዳሰሰች።

«ለቄሱ አልተናገርኩትም። ሌት ተቀን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ንገሪኝ ስመኝ፤ ዋሽቼው ነው የቀበርኩት?»

ስለ ወይዘሮ አስካለ ነገርኳት፤ ሕጋቸውንም፣ ለአያ ጌጡ የመለሱለትንም፣ የከፈቱትን በርም፣ አንዱንም ሳላስቀር። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ እጇን ከአፈሩ ላይ አንሥቼ ያዝኩት።

«አልዋሸሽውም እማዬ» አልኳት። «እውነቱን ሁለት ቀን ነው የቀደምሽው።»

ይህ የሆነው ሐሙስ፣ ጥቅምት 27 ቀን ነው።